እናቴ በልብ ሕመም ስትታከም ቆይታ «ችግሩ እንቅርቱ ነው» ተባለች፤ አንገት ልብን እንዴት ያሳምማል?

የእነማይ ልጅ
ሐምሌ 19

ጤና ይስጥልኝ። ብቸና አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ስለ እናቴ ልጠይቃችሁ ነው። ጽሑፉ ይረዝማል፤ ቢሆንም ሁሉንም ልናገር። እስከ ዛሬ ያሳሳተን አንዱን ምልክት ከሌላው ነጥለን ማየታችን ነውና።

እናቴ ወደ 60 ዓመት ይጠጋታል። እንቅርቷ እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረ ነው። አያቴም ነበራት፤ ሁለቱ አክስቶቼም አላቸው። በእኛ ሰፈር እንቅርት እንደ ቁመት ማጠርና መርዘም ያለ ነገር እንጂ እንደ ሕመም የሚቆጠር አልነበረም። እናቴ ልጅ ሳለች አንገቷን የተነቀሰችው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርቱ እንዳያድግ ተብሎም ነው። ዛሬ ያ ንቅሳት ከእብጠቱ ጋር ተለጥጦ፣ መስመሮቹ ተራርቀው ይታያል።

የጀመራት ጥር ላይ ነው። ጤፉ ተወቅቶ ስታበጥር ሰፌዱን አስቀምጣ ተቀመጠች። «ልቤ ሰው እንዳባረረኝ ይመታል» አለችኝ። የውቂያ ድካም ነው አልን። ከዚያ ቡና ስታፈላ ሲኒው ረከቦቱ ላይ ይንጫጫ ጀመር፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጊዜ ይዞራት የነበረው መቀነት ሦስት ጊዜ ዞሮ ተረፈ። ምግብ ግን አልቀነሰችም፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ ትበላለች፣ ሌሊት ተነሥታ ቆሎ ትፈልጋለች። በዚህ በሐምሌ ጭጋግ፣ እኛ ጋቢ ደርበን በምንኮራመትበት፣ እርሷ ጋቢዋን ገፍታ «በሩን ክፈቱልኝ» ትላለች። ከዱካ ላይ ስትነሣ ጉልበቷን በእጇ ካልደገፈች አትችልም። ስንት መከራ ያሳለፈች፣ እንባዋን አይቼ የማላውቅ ሴት በትንሽ ነገር ታለቅሳለች።

ጎረቤት ቡዳ በልቷት ነው አለ። ሌላው ስኳር ነው አለ። አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድናት፤ የልብ ድካም ነው ተባለና የሚያሸና እንክብል ተሰጣት። የእግሯ እብጠት ለአንድ ሳምንት ጎደለ፤ ተመልሶም መጣ። ሦስት ወር ያህል ተመላለስን። አንድም ሰው አንገቷን አልዳሰሰም። ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም፤ እኔም ልጇ ሆኜ በየቀኑ እያየሁት አላሰብኩትም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርገን ባሕር ዳር ወሰድናት። አንድ ወጣት ሐኪም ገና ከበር ስትገባ አንገቷን አየ። እጇን አስዘርግቶ ጣቶቿ ላይ ወረቀት አኖረባት፤ ወረቀቱ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ተርገፈገፈ። የልብ ምቷ በደቂቃ 128፣ የደም ግፊቷ 158 በ64፣ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 132 ነበር። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው ምቷ የተዛባ መሆኑን አሳየ። በደም ምርመራው ቲኤስኤች የሚባለው መለኪያው ሊያነበው እስኪያቅተው ወርዶ፣ ቲ-4 የሚባለው ደግሞ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። «ልባቸውን ያሳመመው እንቅርቱ ነው» አለን። ፒቲዩ፣ ፕሮፕራኖሎልና ዋርፋሪን ጻፈልን፤ የሚያሸናውንም ለጊዜው እንድትቀጥል አዘዘ።

እናቴ ይህን ስትሰማ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ በእንቅርት ላይ ልብ ግን አልሰማሁም» አለች። ሐኪሙ ሰልፍ ስለበዛበት ብዙ ሊያስረዳን አልቻለም። እኔም ከቤት ከደረስን በኋላ ነው ጥያቄው የመጣብኝ። አንገት ላይ ያለ እብጠት ልብን የሚያሳምመው እንዴት ነው? ስኳሩስ ሌላ ሦስተኛ በሽታ ነው? መድኃኒቱን ከጀመረች 12 ቀን ሆናት፤ ለውጥ አላየሁም ብላ ልታቆመው ነው። ፍልሰታ ስትገባ ጸበል ሄጄ ሱባኤ እይዛለሁ፣ እንክብሉን ቤት ትቼው እሄዳለሁ ትላለች። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሕመሙን ያመጣው የታሸገው ጨው ነው እያሉ ወደ ድሮው ጨው እንድንመለስ ይመክሩናል። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

ጤና መኮንን፣ ደብረ ማርቆስ
ሐምሌ 19

እኅቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ያየሻቸውን ነገሮች እንዲህ አድርገሽ መጻፍሽ ለእኛም ትምህርት ነው፤ መቀነቱን፣ ሲኒውን፣ ዱካውን ያልሽው ሁሉ በአንድ በሽታ የሚያያዝ ነው።

አንገት ላይ፣ ከማንቁርት በታች፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች፤ ታይሮይድ ትባላለች። እንቅርት የምንለው የእርሷን ማበጥ ነው። ከምንበላው አዮዲን ወስዳ ሁለት ሆርሞኖች ትሠራለች፤ በአንዱ ውስጥ አራት፣ በሌላው ውስጥ ሦስት የአዮዲን አተሞች ስላሉ ቲ-4 እና ቲ-3 ተባሉ። ሥራቸው ለመላው ሰውነት ፍጥነትን ማዘዝ ነው፤ ልብ በምን ያህል ይምታ፣ አንጀት በምን ያህል ይፍጭ፣ ስብና ሥጋ በምን ያህል ይቃጠል የሚለውን። ቲኤስኤች ደግሞ ከአንጎል ሥር ካለች ፒቱታሪ ከምትባል ዕጢ የሚወጣ ነው፤ ታይሮይድን «ሥሪ» የሚል ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ያለ ልክ ስትሠራ አዛዡ ዝም ይላል። ስለዚህ የቲኤስኤች ቁጥር መውረድ የዕጢዋን መድከም ሳይሆን መብዛት ይናገራል። ይህ ብዙ ቤተሰብ ግራ ስለሚያጋባ ነው አስረግጬ የምጽፈው።

የጎጃም ደጋ የእንቅርት አገር የሆነበት ምክንያት አለው። ከጮቄ ጀምሮ ዝናቡ አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን ወደ ዓባይ ሲያወርደው ኖሯል፤ የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። ዕጢዋ ያነሰውን ለማብቃቃት ትተልቃለች። ዓመታት ሲያልፉ በውስጧ እብጥብጦች ይፈጠራሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የፒቱታሪን ትእዛዝ መጠበቅ ትተው በራሳቸው ፈቃድ ሆርሞን ማምረት ይጀምራሉ። በእናትሽ ዕድሜ ባሉ፣ እንቅርታቸው የቆየ ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ይህንን ነው። 30 ዓመት ዝም ያለ እንቅርት አሁን ተናገረ ማለት ነው።

ወደ ልብ ስንመጣ፣ ቲ-3 የልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ልብ በፍጥነትም በኃይልም እንድትመታ ያደርጋል። በሌላ በኩል በእጅና በእግር ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይላላሉ። ልብ ብዙ ደም ትገፋለች፣ ሥሮቹ ደግሞ አይመክቱም፤ ስለዚህ የግፊቱ የላይኛው ቁጥር ይወጣል፣ የታችኛው ይወርዳል። 158 በ64 ያልሽው ይህንኑ ይናገራል። ቀንና ሌሊት እንዲህ የምትሠራ ልብ ትደክማለች፤ እግር ያብጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክሊኒክ ልብ ደክሟል ማለቱ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ «ለምን ደከመች?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። የሚያሸና መድኃኒት ብቻውን መስጠት ጣሪያው ሳይከደን ከቤት ውስጥ ውኃ እየቀዱ እንደማውጣት ነው።

አንድ ነገር ለባልደረቦቼም ለሚያነቡት ልናገር። በአገራችን በልጅነት ጉሮሮ ሕመም ምክንያት የሚመጣ የልብ በር ጉዳት ብዙ ነው፤ እርሱም ምትን ያዛባል። ስለዚህ የተዛባ ምት ስናይ አሳባችን ቀድሞ ወደዚያ ይሄዳል። የልብ አልትራሳውንድ ማሠራት ተገቢ ነው፤ ከእርሱ ጋር ግን ቲኤስኤች መታዘዝ አለበት። የታይሮይድ ሆርሞን ከበዛባቸው ከ100 ሰዎች ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ የልብ የላይኞቹ ክፍሎች መምታት ትተው ይርገበገባሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይህ ይብሳል። ደም በሚርገበገብ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ይረጋል፤ የረጋው ቁራጭ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን የታዘዘላቸው ለዚህ ነው። ከሁሉም መድኃኒት የዚህን መቋረጥ እኔ እፈራለሁ።

ስኳሩን በተመለከተ፣ ይህ ሆርሞን ሲበዛ ጉበት ስኳር እየለቀቀ ይጨምራል፣ አንጀት የተበላውን በፍጥነት ያስገባል፣ ኢንሱሊን ደግሞ ቶሎ ከደም ይወገዳል። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ወሰን ስለሆነ 132 ችላ አይባልም። ነገር ግን ታይሮይዱ ከተረጋጋ በኋላ እንደገና ሳይለካ የዕድሜ ልክ ስም አይለጠፍባቸው። ከዱካ መነሣት ያቃታቸውም የጭን ጡንቻቸው ስለተቃጠለ ነው፤ ሲታከሙ ይመለሳል።

አሁን የ12 ቀኑን ነገር እንይ። ዕጢዋ ሆርሞኑን ሠርታ ወዲያው አትጨርሰውም፤ እንደ ጎተራ ታጠራቅማለች። ፒቲዩ አዲስ ምርት እንዳይገባ አውድማውን ይዘጋል እንጂ ጎተራ ውስጥ ያለውን አይነካም። ጎተራው እስኪጎድል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል። እስከዚያ ልብን የሚያበርደው ፕሮፕራኖሎል ነው። እናትሽ አስም ካለባቸው ግን ለሐኪሙ መነገር አለበት፤ አስም ላለበት ሰው አይስማማም። ሌሊት ተኝተው ሳሉ የእጃቸውን ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። በሐሳብና በድንጋጤ የሚፈጥን ልብ እንቅልፍ ሲመጣ ይበርዳል፤ በታይሮይድ የሚፈጥን ግን ተኝቶም አይበርድም። ቁጥሩን በደብተር ያዢው፤ ለውጡን ከስሜታቸው በፊት ደብተሩ ያሳያችኋል።

ፒቲዩ እየወሰዱ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ቢመጣባቸው ጉንፋን ነው ብለሽ አትጠብቂ። እንክብሉን አቁመው በዚያው ቀን የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ይታይላቸው። አልፎ አልፎ መድኃኒቱ እነዚያን ሕዋሳት ያጠፋል። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነም እንዲሁ፤ ጉበትን ይጎዳልና።

ጨዉን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ፤ ተረኛ ነኝ።

---

ቄስ፣ ደብረ ወርቅ
ሐምሌ 20

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ልጄ አነበበልኝ፤ መልሱንም እርሱ ነው የሚጽፍልኝ። ጸበል ባለበት ደብር አገለግላለሁ። ለእናትሽ እንዲህ በያት። ጸበሉ መድኃኒት ይጣል አይልም። ሐኪም ያዘዘውን እየወሰዱ መጠመቅም መጠጣትም ይቻላል። ለታመመ ሰው ጾሙን የሚያቀልለት የንስሐ አባቱ ነው፤ ሳይጠይቁ በራስ ፈቃድ መቸገር ደግሞ ጽድቅ አይደለም። ልቧ የደከመች አንዲት ሴት እንክብሏን ቤቷ ትታ መጥታ በአምስተኛው ቀን ግማሽ ጎኗ ሲደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬም አንደበቷ አልተመለሰም። እናትሽ ትምጣ፤ ከመድኃኒቷ ጋር ትምጣ።

---

የፍኖተ ሰላሙ መምህር
ሐምሌ 21

እኅቴ፣ እኔ ከእናትሽ ተቃራኒ በሆነው በኩል ያለፍኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ቀዶ ጥገና ሲባል የሚጠቅማችሁ ስለመሰለኝ ነው የምጽፈው።

እንቅርቴ ሙሉ በሙሉ ከወጣልኝ ዓመታት ሆነውታል። ስወጣ እንክብል ተሰጥቶኝ ነበር፤ ሁለት ወር ወስጄ አለቀ። እንቅርቱ የለም፤ ሕመሙም የለም ብዬ አልቀጠልኩም። ማንም ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው ብሎ አጥብቆ አልነገረኝም፤ ወይም ነግሮኝ አልሰማሁም ይሆናል።

ከወራት በኋላ ሰውነቴ ከበደ። ፊቴ በተለይ ጠዋት ያብጣል፤ ድምፄ ጎረነነ፤ ተማሪዎቼ «መምህር ጉንፋን ይዞዎታል?» ይሉኛል። ፍኖተ ሰላም ሞቅ ያለች ናት፤ እኔ ግን በሚያዝያ ሙቀት ኮት ለብሼ አስተምራለሁ። ገበያ ደርሶ መመለስ ያታክተኛል። ስታመም ግፊቴ 150 በ102፣ የልቤ ምት በደቂቃ 48 ተገኘ፤ የደሜ ስብ ደግሞ በጣም ከፍ ብሏል ተባልኩ። የስብ መቀነሻ ታዘዘልኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጭኔና ክንዴ እንደተቀጠቀጠ ሰው አመመኝ። በሌላ ጊዜ ደረት ፎቶ ተነሥቼ ልብህ ሰፍቷል ተባለ። አልትራሳውንድ ሲታይ ልቤ አልሰፋችም፤ በዙሪያዋ ውኃ አቁራ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም የአንገቴን ጠባሳ አይታ «ይህ የምን ነው? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» አለችኝ። ምንም፣ አልኳት። ቲኤስኤች ሲለካ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። የነገረችኝን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ጉበት መጥፎውን ስብ ከደም እየለቀመ የሚያስገባባቸው በሮች አሉት፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ በሮቹ ይቀንሳሉ፣ ስቡም ደም ውስጥ ቀርቶ የልብን ሥሮች ያደነድናል። ስለዚህ ታይሮይድ ሳይታከም የስብ መቀነሻ መስጠት ጡንቻን ያሳምማል እንጂ ብዙ አይጠቅምም።

ሌቮታይሮክሲን በ25 ማይክሮግራም ጀመረችልኝ። ለምን ትንሽ ትሰጪኛለሽ ስላት፣ ለዓመት የቀዘቀዘችን ልብ በአንድ ጊዜ ብናስሮጣት ትጎዳለች አለችኝ። ቀስ እያለ ተጨመረ። የልቤ ውኃ ያለ መርፌ ደረቀ፣ ስቡም ወረደ። አሁን ማለዳ ከእንቅልፌ እንደነቃሁ በንጹሕ ውኃ እወስደዋለሁ፤ ከወሰድኩት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቡና አልቀምስም፤ ቡና መድኃኒቱን ከአንጀት እንዳይገባ ያደርገዋልና። ባለቤቴ በዚህ ምክንያት የጠዋቱን ቡና ዘግየት አድርጋ ታፈላዋለች። እናትሽ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ከሆስፒታሉ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ጠይቂ፦ ሙሉው ነው የወጣው ወይስ ከፊሉ? እንክብሉ ለስንት ጊዜ ነው? ቀጣዩ ደም ምርመራ መቼ ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ።

---

ፋርማሲስት፣ ቡሬ
ሐምሌ 22

ከመድኃኒት መስኮት ጀርባ ሆኜ የማየውን ልጨምር።

ዋርፋሪንና ታይሮይድ ይነካካሉ። ሆርሞኑ ሲበዛ ዋርፋሪን በትንሽ መጠን ብዙ ይሠራል፤ ደም ያፈስሳል። በፒቲዩ ታይሮይዱ እየበረደ ሲሄድ ያው መጠን አይበቃም። ስለዚህ በእነዚህ የመጀመሪያ ወራት አይኤንአር የሚባለው የደም መቅጠኛ ልኬት ቶሎ ቶሎ ይታይ። በጾም ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ይሽራል። ጎመን አትብሉ አልልም፤ ጾም ነውና ሰው ምን ይብላ? ነገር ግን በፍስክ ወር ጎመን ያልነካ ሰው በፍልሰታ በየቀኑ ሲበላ ልኬቱ ይናጋል። መጠኑ በሳምንት ውስጥ ተመሳሳይ ይሁን፤ ለውጥ ካለም ለሐኪሙ ይነገር። ለሕመም ማስታገሻ ብለው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሱቅ እንዳይገዙ፤ ከዋርፋሪን ጋር ጨጓራ ያደማል።

የልብ ምትን ለማስተካከል የሚሰጥ አሚዮዳሮን የሚባል መድኃኒት አለ። ከክብደቱ 37 በመቶ ያህሉ አዮዲን ነው። እንቅርት ያለበትን ሰው ታይሮይድ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊያናጋ ይችላል። ማንም ቢያዝላቸው የታይሮይድ ታማሚ መሆናቸውን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሌላው በልቤ የሚከነክነኝ፣ ከጥያቄሽ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ግን የሆርሞንና የልብ ጉዳይ ስለሆነ ልተወው አልፈልግም። ልጃገረዶች ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ሊገዙ ይመጣሉ። እኔ አልሰጥም፤ ሌላ ቦታ ግን ያገኙታል። እነዚህ ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች የሚሠሩትን ኮርቲሶል የሚተኩ ናቸው። የሚመጣው ውፍረት ፊትና ሆድ ላይ ነው፤ እጅና እግር ይቀጥናል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል። ከውስጥ ግፊትና ስኳር ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል። ባለፈው ዓመት አንዲት የ23 ዓመት ልጅ ከሠርጓ በፊት ለወራት ስትውጥ ቆይታ ግፊቷ 170 በ110 ሆኖ መጣች። እኅቷ «በአንድ ጊዜ አስቁሜያታለሁ» ስትለኝ ነው የደነገጥኩት። የራሷ ዕጢዎች ሥራ ፈትተው ስለሚተኙ በድንገት ሲቆም ግፊት ወርዶ ሰው ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። ልጅቷ አሁን ደኅና ናት። የምታውቋት እየወሰደች ያለች ልጅ ካለች አትቆጧት፤ ይዛችኋት ሂዱ።

---

ጤና መኮንን፣ ደብረ ማርቆስ
ሐምሌ 23

ያልኩሽን ጨው ልመልስ። ጎረቤቶቻችሁ ከእውነቱ አንዲት ቁራጭ ይዘዋል። ለረጅም ዘመን አዮዲን ያጣ፣ እብጥብጥ ያለበት እንቅርት ድንገት አዮዲን ሲያገኝ ከልክ በላይ ማምረት ሊጀምር ይችላል፤ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ቤተሰቡ በሙሉ አዮዲን ወደሌለው ጨው ቢመለስ ጉዳቱ እጅግ ይበልጣል። በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ እንደ እናትሽ ያለ እንቅርት በልጅ ልጆቻቸው ላይ እንዳይደገም። አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል። በማሕፀን ያለ ልጅ ይህን ካጣ የአእምሮው እድገት ይጎዳል። በዕድሜ የገፋ እንቅርት ያላቸው በሐኪም ይታዩ፤ ልጆቹ ግን ከአዮዲኑ ጨው አይለዩ። ጨዉን አትጠቡት፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። አዮዲን በሙቀት ይበናል።

አንድ ነገር ከቄሱ ምክር ላይ ልጨምር። ልቧ የደከመች ሰው ጸበሉን በጆግ እየደጋገመች ከጠጣች ውኃው እግርና ሳንባ ላይ ይቆማል። በትንሽ ብርጭቆ ይበቃል፤ ይህንንም ለካህኑ ንገሯቸው፣ እንደሚረዱ ጽሑፋቸው ይመሰክራል።

---

የእነማይ ልጅ
መስከረም 24

እንኳን አደረሳችሁ። ዘግይቼ ነው የተመለስኩት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የቄሱን መልስ ለእናቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ሁለተኛው ላይ «ያችን ሴት አውቃታለሁ መሰለኝ» አለች። የንስሐ አባቷ መጥተው እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ እንድትጾም ፈቀዱላት፤ እንክብሉን በመሐረቧ ጠቅልላ ይዛ ሄደች፤ ጸበሉን በሲኒ ጠጣች። እኔም በየሌሊቱ ምቷን ቆጠርኩ። ደብተሩ እዚህ አጠገቤ አለ። ሐምሌ 20 ሌሊት 118። ነሐሴ 1፣ 104። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ዕለት 92። መስከረም 17 መስቀል ሲነጋ 78። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ጋቢዋን ፈለገች። ለመስቀል ቡና ስታፈላ ሲኒው ዝም አለ፤ እኔ እንጂ እርሷ አላስተዋለችውም፤ ወጥቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ተመለስን። ቲ-4 ወደ ልኩ ወርዷል፤ በባዶ ሆድ ስኳሯ 98 ሆነ፤ እግሯ አላበጠም፤ የሚያሸናውን አቆሙላት፤ ወደፊት ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋትም ነገሩን። ግን ቲኤስኤች አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው፣ ምቷም እንደተዛባ ነው። ይህ አሳሰበኝ። መድኃኒቱ ግማሹን ብቻ ነው የሠራው ማለት ነው? ቀዶ ጥገናውንስ ለምን አሁኑኑ አይሠሩላትም?

---

ጤና መኮንን፣ ደብረ ማርቆስ
መስከረም 25

ደስ አሰኘሽኝ፤ ደብተሩን አታቋርጪ።

ፒቱታሪ ለወራት በሆርሞን ብዛት ተጭና ስለቆየች ዘግይታ ነው የምትነቃው። ቲ-4 ከተስተካከለ በኋላም ቲኤስኤች ለወራት ዝቅ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ሐኪሙ አሁን መጠኑን የሚወስነው ቲ-4 እና ቲ-3 አይቶ ነው፤ በቲኤስኤች ብቻ ተመርቶ መድኃኒት ቢጨምር ወደ ፍኖተ ሰላሙ መምህር ሕመም ይገፋቸዋል። ምቱም እንዲሁ ጊዜ ይፈልጋል፤ ታይሮይዱ ከተረጋጋ በኋላ በብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ ሐኪሙ ሌላ መንገድ አለው። እስከዚያ ዋርፋሪኑና አይኤንአሩ ይቀጥሉ።

ቀዶ ጥገናው የሚጠብቀው እርሳቸው እስኪረጋጉ ነው። ሆርሞኑ በበዛበት ሰውነት ላይ ቢላዋ ቢነሣ ዕጢዋ በአንድ ጊዜ ብዙ ሆርሞን ደም ውስጥ ትለቃለች፤ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የማይገታ ምት ይመጣል፤ ሰው ይሞትበታል። ስለዚህ መዘግየቱን እንደ ችላ ማለት አትይው። እንደ እናትሽ ያለ እብጥብጥ እንቅርት ፒቲዩ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ስለሚመለስ ግን ቀዶ ጥገናው ይቀራል ብላችሁ አታስቡ። ስትሄዱ ስለ ድምፅ ሥርና ከዕጢዋ ጀርባ ስላሉት ካልሲየም ስለሚቆጣጠሩ አራት ትንንሽ ዕጢዎች ጠይቂ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አፋቸው ዙሪያና ጣታቸው ቢደነዝዝ ወይም ቢኮማተር ወዲያው ተናገሩ።

አክስቶችሽም እንቅርት አላቸው ብለሽ ነበር። ምታቸውን ቆጥረሻል?

---

የእነማይ ልጅ
መስከረም 29

ቆጠርኩ። ታላቋ 74 ናት፣ የተስተካከለ። ታናሿ ተኝታ 110 ናት፤ ቀሚሷንም በቅርቡ አስጠብባ ነበር። ማክሰኞ አብረን ባሕር ዳር እንሄዳለን።